ኩባያቸው ለብቻ የተሰቀለባቸው የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ልኬ የሕይወት ታሪክ

እህታችን እትዬ ልኬ ከአናጺው አባታችንና ከልብስ አጣቢዋ እናታችን በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሦስት ልጆች መካከለኛዋ ናቸው። እናታችን ሲሞቱ ከሰባተኛ ክፍል ትምህርታቸውን አቋርጠው ቤቱን ያዙ። ታላቅ ወንድማችን ኮሌጅ የገባው በእሳቸው መርፌ ነው፤ ይህ ሲነበብ እንዳያቀረቅር፣ ቀና ብሎ ይስማ።

በ1971 ዓ.ም. የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ድርጅት ተቀጠሩ። ሜትር ሳያወጡ ትከሻና ወገብ በዓይናቸው ስለሚለኩ ጓደኞቻቸው «ልኬ» አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። በ1975 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል።

በ1998 ዓ.ም.፣ እጅጌ እየገጠሙ ሳለ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዘፈዘፈ ጣላቸው። አለቃቸው ማንኪያ በአፋቸው ሲያስገባ የፊት ጥርሳቸውን ሰበረው። በሳምንቱ «እትዬ፣ እስኪሻልዎት ቤትዎ ይረፉ» ብሎ አሰናበታቸው። እስኪሻላቸው ድረስ ማለቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሆነ።

ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሟ እንዲህ ብላ አስረዳችን፦ ከአሥር ሰው አንዱ በዕድሜው አንዴ እንዲህ ሊወድቅ ይችላል፤ የመጀመሪያው በብዛት የሚመጣው በሕፃንነት ወይም በእርጅና ነው፤ መካከል ላይ ያለውም ግን አይቀርለትም፤ ወሊድ በሚያስቸግርበት፣ አደጋ በሚበዛበት፣ ሕክምና በራቀበት ድሃ አገር ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህን ለታላቅ ወንድማችን ስነግረው «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለኝ። እትዬ ልኬ ግን ሳቁ። «አሥረኛዋ እኔ ነኛ! ዘጠኛችሁን አትርፌ ምሳ እንኳ አትጋብዙኝም?» አሉ፣ የተሰበረውን ጥርስ በእጃቸው ከልለው።

ምሳው ተጋበዘ። የወንድማችን ባለቤት ከደርዘኑ ኩባያ አንዱን ለይታ፣ ሲጥላቸው ከአፋቸው የሚወጣው አረፋ ይጋባል ብላ፣ ለእሳቸው ብቻ ምስማር መትታ ሰቀለችው። ኩባያው ከሌሎቹ በምንም አይለይም። ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር ራሳቸው አውርደው፣ ጠጥተው፣ አጥበው ይሰቅሉት ነበር። በ2007 ዓ.ም. የወንድማችን ልጅ ስትዳር ቬሎዋን የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሰርጉ ላይ ግን «ቢጥልሽ እንግዳ ይረበሻል» ተብለው ከድግሱ ቀሩ። ልጅቷን ስትወጣ ከአጥር ውጭ ቆመው አዩዋት። «ወገቡ ልክ ነው» ብለው ተመለሱ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ፤ አልረሳውም።

መድኃኒታቸውን ሳያጓድሉ ይወስዱ ነበር፤ ቢሆንም አልፎ አልፎ ይጥላቸው ነበር። ኅዳር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ከክር መሸጫው ደጃፍ በፊታቸው ተደፍተው ወደቁ። መንገደኛው ክብ ሠርቶ ቆመ። በጎናቸው የሚያስተኛቸው አንድ እጅ ጠፍቶ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እዚያው አረፉ። ከዚያ ክብ ውስጥ ዛሬ ጥቁር ለብሰው እዚህ የተቀመጡ አሉ።

ታላቅ ወንድማችን እዚህ ቦታ ላይ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ተብሎ እንዲሞላ፣ እኔም ትምህርቴ አጭር ስለሆነ ጽሑፉን ለልጁ እንድተው መክሮኝ ነበር። እህቴ የሞቱት በሚጥል በሽታ ነው። አንባቢው ይህን ሲያነብ ድምፁን ዝቅ እንዳያደርግ።

እትዬ ልኬ አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ሁለት ወንድሞች ትተዋል። የተቀመጣችሁበት አግዳሚ ወንበር አሥር ሰው ይይዛል፤ ግራና ቀኛችሁን ቁጠሩ።

ከቀብር መልስ ለቅሶው በታላቅ ወንድማችን ቤት ነው። ኩባያቸውን ከምስማሩ አውርጄ ከአሥራ አንዱ ጋር ቀላቅየዋለሁ። የትኛው እንደሆነ አሁን እኔም አላውቀውም። ውሃ የጠማው ይጠጣ።

ነፍሳቸውን ዕቃ በማይለይበት ቤት ያኑርልን።