ማኅተም የሌለው ፖስታ

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፤

ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ጠጉርሽ እንደምን ሰንብተሻል? ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ የሚናገረው ጉልበትሽስ እንዴት ነው? መነጽርሽን አገኘሽው ወይስ አሁንም ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ ቤቱን ታተራምሺዋለሽ? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? መንትዮቹስ መጣላት ትተዋል ወይስ አንቺው በመሃላቸው እንደ ዳኛ ቆመሽ ትውያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ቃል እባክሽ ተመልሰሽ አንብቢያት፤ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ባለቤቴም አልጋውን ብቻሽን ያዝሽው እያለ ያማርራል። ለምን እንዲህ እንደምደጋግም ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሽ ለአንዱም መልስ አልመጣልኝም። አልደብቅሽም፣ ተቀይሜሽ ነበር። በተለይ ሁለተኛውን አንብባ እንዴት ዝም ትላለች ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኩ፤ ባለቤቴ ደግሞ ያኮረፍኩት እሱን መስሎት ሁለቱንም ቀን ሳይነገረው ሳህን ሲያጥብ ዋለ። እናንተ ዘንድ ስልክ አይሠራ፤ ታናሻችን ጭነት ይዞ ወደ ከተማ ሲወጣ ብቻ ነው ድምፁን የምሰማው። እሱም ከሁለተኛው ደብዳቤ በኋላ አንድ ጊዜ ደወለ። ያ ጯሂ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምግብ ይስማማሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጠዋት ጠዋት እንደሚያስመልሰኝ፣ ግን ዶክተሯ የሚጠበቅ ነው እንዳለችኝ ነገርኩት። ከዚያ ጠጉርሽስ አለኝ። ጠጉሬ ምን ሆነ ብዬ ሳቅሁበት። አይዞሽ፣ ጠንክሪ ብሎኝ አፍንጫውን እየሳበ ዘጋው። ጉንፋን ይዞት ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን የሥራዬን ነገር ልንገርሽ፤ የሁሉም ነገር ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ከልጆች ክትባት ወደ ካንሰር ሕክምና ክፍል በነርስነት ከተዛወርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። መሃል ከተማ ያሉ ሴቶች ጡታቸው ላይ እብጠት ሲገኝ በጊዜ ታክመው ይድናሉ። ከመጨረሻው ፌርማታ ማዶ ያሉት ግን ያው እብጠት፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ሐኪም ተገኝቶባቸው ተመልሰው አይመጡም። ለምን እንደሆነ አጣርተን እንድናስተካክል ሦስት ሰዎች ተመደብን። አንደኛው ዶክተራችን ነው፤ ለአምስት ደቂቃ መዘግየት የአንድ ሰዓት ቁጣ ስለሚቆጣ ደቂቃ እንለዋለን። ሁለተኛው የመረጃ ባለሙያው ነው፤ ግድግዳው ላይ የከተማውን ካርታ ሰቅሎ ለተመለሰች ሴት አረንጓዴ፣ ለቀረች ቀይ ስፒል ስለሚሰካ ስሙ ስፒል ሆኖ ቀረ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ለእኔ ያወጡልኝን ስም አልነግርሽም፣ መንትዮቹ ይይዙታል።

ከቀዮቹ ስፒሎች አንዷ ልብስ ሰፊ ነበረች። እብጠቷ የሽንብራ ፍሬ ታክላለች። ናሙናው ካንሰር መሆኑን አሳየ፤ ደቂቃም በሁለት ወር ውስጥ ከመጣች በትንሽ ቀዶ ጥገና ትገላገለዋለች፣ ካለፈ ግን ቃል አልገባም አለ። ሁለት ደብዳቤ ላክንላት፤ ወፍ የለም። ስብሰባ ተቀመጥን። ደቂቃ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ብሎ ተረተ፤ ግንዛቤ የላቸውም ተባለ፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በዚህ መሃል ያቺ ብልጥ እህትሽ እጇን አወጣች። የክፍላችን ስም በትልቁ የታተመበት ፖስታ ላይ በቀይ ቀለም "አስቸኳይ" የሚል ማኅተም ብንመታበትስ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ማኅተሙን ያሠራሁት እኔ፣ ክንዴ እስኪዝል ሁለት መቶ ፖስታ ላይ የመታሁትም እኔ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ስፒል አረንጓዴውን ትቶ ሌላ ፓኮ ቀይ ገዛ።

ለልብስ ሰፊዋ የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ሲሆን አላስችል አለኝና አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። አንዲት ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል አልጋ፣ በሌላው የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ ዝርግፍ ያለ ልብስ። እሷ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ የምትናገር ሴት ናት። ዓይኔን ወደ ታች ሳደርግ ምን ባይ ጥሩ ነው? የመኪናው አንድ እግር ይንገዳገድ ኖሮ ሦስቱም ደብዳቤዎቻችን ታጥፈው ከሥሩ ገብተዋል። አንዱም አልተከፈተም።

ለምን እንዳልከፈተቻቸው ስጠይቃት አልተቆጣችም። እነሱ ሰፈር ደብዳቤ የሚደርሰው ለባለሱቁ ነው፤ እሱም ከዳቦው አጠገብ ይደረድረዋል፤ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያነባል። የመጀመሪያው በመጣ በማግስቱ አንዲት ሙሽራ ግማሽ የተሰፋ ቀሚሷን መጥታ ወሰደች። ባለቀይ ማኅተሙ ከመጣ በኋላማ ጎረቤቶቿ ሰላምታ ሲሰጧት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ረሱት። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም አለችኝ፤ የላዩን አንብቤ ስጨርስ ለውስጡ ወኔ አልቀረልኝም። እታለም፣ አፈርኩ። በሽታዋን ሸሸገች ስንል እኛው ነበርን ከዳቦው አጠገብ የለጠፍንባት።

ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷም እመጣለሁ አለች። ግን ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፦ ዳግመኛ ያ ፖስታ ሰፈሯን እንዳይረግጥ፣ ቀጠሮዋም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንዳይሆን። የእነሱ ሰፈር የመጀመሪያ አውቶቡስ ሆስፒታሉ የሚደርሰው አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ካርድ ክፍሉ ደግሞ በሦስት ሰዓት "ቀርታለች" ብሎ ይዘጋባታል። ይህን ለደቂቃ ስነግረው ቀደም ብሎ መነሳት ነው አለኝ። እንግዲያው አብረን እንቀድም አልኩት። ተራ ጃኬት ለብሶ ከመጨረሻው ፌርማታ ከእኔ ጋር ተሳፈረ። መንገዱን ሁሉ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በሌላው ላይ የሰው ጆንያ ተቀምጦበት ደረሰ። ካርድ ክፍል ስንገባ አዲሷ ሠራተኛ ቀና ሳትል ሰዓት አልፏል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ አለችው። ዶክተሩ እኮ ነኝ ቢላት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አለችው። ሳቄን ለመዋጥ ወደ ግድግዳ ዞርኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቢሮ ገብቶ የቀጠሮውን ሰሌዳ አስመጥቶ የማዶዎቹን ሁሉ በገዛ እጁ ወደ አራት ሰዓት ተኩል አዞረው።

ልብስ ሰፊዋ ቀኑ ሳያልፍ መጣች። ተኝታ የቀዶ ጥገናው በር ሲዘጋ የወንበሩን ጠርዝ እንደያዝኩ ቀረሁ። ደቂቃ ሲወጣ ጭምብሉን ወደ አገጩ አወረደና ጥርሱን አየሁት፤ በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ወደ ሌላ አልሄደም አለኝ። ስፒል ቀዩን ነቅሎ አረንጓዴውን ሲሰካ ቸኩሎ ጣቱን ወጋው፤ እንዲያም ሆኖ ይስቃል።

ከዚያ ወዲህ እሷ አራተኛችን ሆነች። የማዶ ሴቶች ሁሉ ልብሳቸውን የሚያሰፉት እሷ ዘንድ ነው፤ ቤት ለቤት ዞራ መልእክታቸው በእሷ በኩል ቢደርሳቸው ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቀችልን። አሁን ማስታወሻውን በእጄ ጽፌ፣ አጥፌ፣ አሽጌ እሰጣታለሁ፤ እሷ ውስጡን ሳታይ የተጠገነው ልብስ ኪስ ውስጥ ትከታለች። አንድ ጊዜ ብቻ በስህተት የአንዷ ባል ሱሪ ውስጥ ገባና ሰውየው ሰዓቱን አክብሮ ከሴቶቹ መሃል ተሰልፎ ተገኘ። ተጠራሁ ብሎ አልሄድም አለ። ሚስትህን ይዘህ ና ስንለው በማግስቱ ይዟት መጣ፤ አሁን እሷን ለማድረስ ከእሷ በላይ የሚቸኩለው እሱ ነው።

ባለፈው ሰኞ በአራት ሰዓት ግድም መስኮት ላይ ቆሜ ነበር። አውቶቡሱ ሲቆም ሴቶቹ እንደ ሰርገኛ ለብሰው ወረዱ፤ ልብስ ሰፊዋ ከፊት፣ የአንዷን አንገትጌ እያቃናች። ደቂቃ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ለካ ዘገዩ ብሎ ሳይሆን እንዳይቀሩ ፈርቶ ነው። በልብስ ሰፊዋ ሰፈር ካሉት አሥራ አራት ቀዮች አሥራ አንዱ አረንጓዴ ሆነዋል። ሦስቱ ገና ናቸው፤ አንዷ ቤት ቀይራለች፣ ሁለቱን በሚቀጥለው ሳምንት ሄደን እናገኛቸዋለን። ደስታዬን ለማን ልንገረው ብዬ አንቺን አሰብኩ። ቂሜን ትቼ አራተኛ ደብዳቤ ልጽፍልሽ ቁጭ አልኩ።

ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት ትናንት ነው። መሳቢያዬን ከፍቼ ፖስታ አወጣሁና አድራሻሽን መጻፍ ጀመርኩ። ልብስ ሰፊዋ ማስታወሻዎቿን ልትወስድ መጥታ ከአጠገቤ ቆማለች። ይህ ደግሞ ለማን ነው አለችኝ። ለእህቴ አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠና፣ ከቤታችሁ ማን ታመመ አለችኝ። ማንም አልታመመም ብዬ ፖስታውን ሳይ፣ "የካንሰር ሕክምና ክፍል"፣ ከሥሩ በቀይ "አስቸኳይ"። ለመላው ሰፈር የከለከልነውን ፖስታ፣ መጣሉ አሳዝኖኝ፣ ለራሴ ደብዳቤ ልጨርሰው አስቀምጬው ኖሯል። አንዱም ለአንቺ፣ ሁለቱም ለአንቺ፣ ሦስቱም ለአንቺ የመጡት በዚሁ ፖስታ ነው!

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የታናሻችን ምግብና ጠጉር፣ አይዞሽ ማለቱ፣ ጉንፋኑ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እናንተ እዚያ በቁሜ ስታለቅሱልኝ እኔ እዚህ መልስ ነፈገችኝ ብዬ አኩርፋለሁ። ብዕሬን ወርውሬ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ልብስ ሰፊዋ ውኃ አምጥታ አጠጣችኝ፤ ነገሩን ስነግራት በመጀመሪያ ደረቷን መታች፣ ቀጥሎ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ታውቂያለሽ። ለእናታችንም ከእንዲህ ያለ ክፍል ደብዳቤ መጥቶላት ነበር። ማንበብ የምትችይ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነሽ ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብለሽ በሹክሹክታ አነበብሽላት። ከዚያ በኋላ ያንን ስም ያየሽበትን ፖስታ ባትከፍቺ ማን ይፈርድብሻል? እኔ አልፈርድብሽም። ይቅር በይኝ፣ እታለሜ።

አሁን በእጅሽ የያዝሽው የጨርቅ ፖስታ ልብስ ሰፊዋ የሰፋችው ነው። ከቦርሳዋ ቁራጭ አውጥታ እዚያው ቆማ ሰፋችልኝ፤ ላዩ ላይ ከስምሽ በቀር ምንም እንዳይጻፍበት አዘዘችኝ። ውስጡ ያለው ፎቶ ሰኞ ዕለት ከመስኮቱ ወርጄ አብሬያቸው የተነሳሁት ነው። ከግራ ሰዓቱን የሚያየው ደቂቃ፣ ጣቱን እንደገና ወግቶ በፋሻ ያሰረው ስፒል፣ አንገትጌ የምታቃናው እሷ። መሃል ያለችው ወፍራም ሴት እኔ ነኝ። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳትይ ብዬ ነው፤ ደህና አድርገሽ እዪኝ።

አንድ ነገር ለምኜሽ ልጨርስ። እኔ አልታመምኩም፤ አንቺ ግን የእናታችን የመጀመሪያ ልጅ ነሽና መመርመር አለብሽ። ታናሻችን ጭነት ይዞ ሲወጣ አብረሽው ውጪ፤ ፈርተሽ ከሆነ ንገሪኝና ራሴ መጥቼ እጅሽን ይዤ እገባለሁ። እሺ እስክትይኝ ድረስ እንደምጨቀጭቅሽ ታውቂኛለሽ።

እንግዲህ እነዚያን ሦስት ፖስታዎች ካስቀመጥሽበት አውጪያቸው። የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከእናታችን ሻሽ ሥር። በቅድሚያ ሁለተኛውን ክፈቺው። ውስጥ ያለውን እዚህ አልደግመውም። እንደ ያኔው ከበር ጀርባ ሆነሽ አይደለም፤ በሩን ወለል አድርገሽ፣ ሁሉንም ሰብስበሽ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ለባለቤትሽ ከሳሉ ጋር ሳይሆን ከጤናው ጋር ሰላም በይልኝ። መንትዮቹን አንድ አንድ ጊዜ ሳሚያቸው፣ እኩል ይሁን፣ እንዳይጣሉ። ለእትዬ ጎረቤታችን፣ ለእኔ ያለቀሱትን እንባ እንዲመልሱት ንገሪያቸው፣ ለደስታ ይፈልጉታል። ታናሻችንን ማስመለሴ ከምን እንደነበር ሁለተኛው ደብዳቤ ያስረዳሃል በይው። ባለቤቴ እጅ ነስቷል፤ ሳህን ማጠቡንም አልተወም።

ሁሌም የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ፣ ይህን ስጽፍ ሆዴ ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛውን ከሚራገጠው እንግዳ ጋር።

ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ አውቶቡሱ ከሚታይበት መስኮት ሥር፤
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን።