የነጠላ ጫማዬ ከሳሽ

ወዳጄ፣ በሰው አገር ነጠላ ጫማዬ ተከሰሰልህ! ከእህቴ ልጅ ቤት በታች የሚኖረው ልብስ ሰፊ፣ ገና ከአልጋ ወርጄ በነጠላ ጫማዬ ቋ ቋ ስል ጣሪያውን በመጥረጊያ እጀታ ይደበድባል።

ልጅቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ከደም ፕላትሌት የሚባሉትን ደቃቅ ህዋሳት ትለያለች። እያቀዘቀዘች እያሞቀች ስታፈነዳቸው የሚወጣው ፈሳሽ ለጉልበት የሚሆን ልም አጥንት ያሳድግላታል። ትናንት ደም ሰጪዋ ቀረ። ሳህን ላይ የዘራቻቸው የልም አጥንት ህዋሳት ፈሳሹን እስከ ነገ ካላገኙ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ። እኔ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«ጋሼ፣ ለጉልበትዎ አስፕሪን ውጠው የለ? ፕላትሌቱን ያሰንፈዋል።»

«ከባለቤቱ ተምሮ ነው!» አልኳት።

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ዛሬ ጠዋት ሕንፃውን በር በበር አንኳኳሁ። እኛ ሰፈር ቢሆን ነገሬን ሳልጨርስ ክንድ ይዘረጋልኝ ነበር፤ እዚህ በር ገርበብ አድርገው አይተውኝ ዘጉ። ልብስ ሰፊውማ እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ፣ ነጠላ ጫማዬን ገልመጥ አድርጎ ዘጋው። ግድ የለም፣ ከምሳ በኋላ ማዶ ያለውን ሕንፃ እጀምራለሁ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ፣ አንተም ዳማ ተለማመድ...

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ልብስ ሰፊው ነው! እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ «እሺ፣ ይውሰዱኝ፤ ነጠላ ጫማውን ግን ያውልቁ» ይለኛል።