«የአጎት ልጅ»ን በማሻገሪያ መርከብ ለተካልን ለሆልመቮግ ቴሌቪዥን

ለክቡር አርንፊን ትቬይትላንድ
የሆልመቮግ አካባቢ ቴሌቪዥን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል እላለሁ። በዚህ የጨለማ ወራት ከባሕሩ የሚነሣው እርጥብ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይይዘው፣ ይልቁንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብዎ እንዳይደነግጥ ከልብ እመኛለሁ።

ሙርታዛ ረዛዒ እባላለሁ፤ ኮረብታው ላይ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሦስተኛ ፎቅ በረዳትነት እሠራለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የዚህን አገር ቋንቋ ማንበብም የለመድኩት በአብዛኛው ጣቢያዎ ከሥዕሉ ግርጌ ከሚያወጣው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያማረ ዐረፍተ ነገር ቢያገኙ ምስጋናው የእርስዎ ነው፤ የሚኮሰኩስ ቢያገኙም ከማን እንደተማርኩት አይዘንጉ።

እንደሚታወቀው የከተማችን አማተር የቴአትር ቡድን በየዓመቱ በመሰብሰቢያ አዳራሹ ሦስት ምሽት ይጫወታል፤ ጣቢያዎም ይቀርጸውና የመጀመሪያው የገና ሻማ በሚበራበት እሁድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያስተላልፈዋል። የዘንድሮው ቴአትር መምህርት ኡኒ የጻፈችው «የአጎት ልጅ» ነበር። ነገሩም ስለ ቶርላይፍ ብሬከ እና ስለ ሲግቢዮርን ኔስሄይም ነው፤ ማለትም በባሕረ ሰላጤው ጫፍ ባለችው ነጭ ቤት አርባ አንድ ዓመት አብረው ስለኖሩ፣ በአንድ ጀልባ ስላጠመዱ፣ ከተማው ግን በጨዋነቱ ብዛት የአጎት ልጆች እያለ ሲጠራቸው ስለኖረ ስለ ሁለት ወንዶች። ቶርላይፍ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲግቢዮርን በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው በእኔ ፎቅ ይተኛሉ። እዚህ አገር ትልቁም ትንሹም በስሙ ይጠራል፤ እኔ ግን ያደግኩበት ወግ አልፈቅድልህ ብሎኝ አባባ እላቸዋለሁ። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይንቀሳቀሱ ስላዘዘ ወደ አዳራሹ መሄድ አልቻሉም። ለመምህርቷ ሕይወታቸውን እንድትጽፍ ሲፈቅዱም የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቴሌቪዥን ማየት።

በዚያ እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የታየን ግን የማሻገሪያው መርከብ ጉዞ ፊልም ነው። መርከቡ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያለ አንዳች ንግግር ሄደ። ስለ ውብ ሥዕሉ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለመምህርት ኡኒ በጻፉት ደብዳቤ ቴአትሩ የቀረው «ወግ አጥባቂ የሆኑትን አረጋውያን ተመልካቾቻችንን ላለማስቀየም» መሆኑን ገልጸዋል። አረጋውያኑ በእጄ ስለሆኑ፣ የተቀየመ ካለ ላጽናና ብዬ ሠላሳ አንዱንም በየአልጋቸው ጠየቅኋቸው። የዘጠና አንድ ዓመቷ እማማ ቦርግሂልድ፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ በጸሎት ቤቱ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ የማያውቀው፣ የሹራብ መርፌያቸውን አቁመው «ቶርላይፍና ሲግቢዮርን? አዬ ልጄ፣ የመኝታ ቤታቸውን መጋረጃ ማን የሰፋው ይመስልሃል? አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ መጋረጃ። በእጄ ለክቻለሁ እኮ» አሉኝ። የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ አንስጋር ግን በእርስዎ በኩል ይቆማሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እሳቸውም «እኔ ኃጢአት ነው ባይ ነኝ። ግን ሳያሳዩኝ በምን ልቆጣ?» ብለው ተቆጡ። እንግዲህ ክቡርነትዎ የጠበቋቸው አረጋውያን በሌላ ፎቅ ካሉ ቢጠቁሙኝ ሄጄ ትራሳቸውን አስተካክልላቸዋለሁ።

፪. መምህርቷ ማን ደውሎ እንደተቃወመ ስትጠይቅዎ «እስካሁን ማንም አልደወለም፤ ግን ይደውላሉ» ማለትዎን ነግራኛለች። ፍርሃትን አልንቅም፤ ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ከአገሬ የወጣሁበትን ምክንያት፣ ከዚያች ነጭ ቤት ታሪክ የማይርቀውን፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ በአገሬ ልጅ አስተርጓሚነት ተናግሬአለሁ፤ ሲገባ የጨበጠኝ አስተርጓሚ ሲወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ነገር አፌን የምከፍተው ገና ዛሬ ነው፤ አስተርጓሚውም በዚህችው ከተማ ይኖራል፣ ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትንም ጋዜጣ ያነባል። እኔ የማውቀው፣ ሰው የሚሸሸው በሩን ሲያንኳኩበት መሆኑን ነበር። ማንም ሳያንኳኳ በሩን ቆልፎ ከራሱ ቤት የሚሸሽ ባለሥልጣን በማየቴ ግን አዲስ ነገር ተምሬአለሁና አመሰግናለሁ።

፫. በቸርነትዎ አንድ ትዕይንት ከተቆረጠ ቴአትሩን ለማስተላለፍ ሐሳብ አቅርበው እንደነበር ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ምሽት አዳራሹ ውስጥ ስለነበርኩ ትዕይንቱን አውቀዋለሁ። መሳሳም የለበትም፤ መተቃቀፍም የለበትም። ሲግቢዮርን እጃቸው በሕመም ደክሞ ሳለ ቶርላይፍ ወንበር ላይ አስቀምጠው ጢማቸውን ይላጯቸዋል፣ ፊታቸውንም በፎጣ ያደርቃሉ፤ ያ ነው። ጣቢያው «ከመጠን በላይ የቀረበ» ብሎታል። ክቡር ሆይ፣ ይህንኑ ሥራ እኔ በየማለዳው በሩን ከፍቼ፣ በመንግሥት ደመወዝ፣ በእኒያው ሰው ፊት ላይ እሠራዋለሁ፤ እስካሁን የደወለ የለም።

፬. የመቅረጽ መብቱ የጣቢያው ብቻ ስለሆነ በአዳራሹ ስልክ ማውጣት ክልክል ነበር፤ በዚህም ምክንያት የቴአትሩ ብቸኛ ቅጂ በእርስዎ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። አንድ ቅጂ ለአንድ በሽተኛ ብንለምን ቅጂ መስጠት ማስተላለፍ ማለት ነው ተባልን። ቅር ላለው ተመልካች የተዘጋጀ ቅጽ አለ ሲሉኝም ሞላሁት። ቅጹ «ያስቀየመዎት ፕሮግራም» ይላል፤ እኔም «ያልተላለፈው» ብዬ ጻፍኩ። ቅሬታው የተላለፈ ፕሮግራምን ስለማይመለከት ተቀባይነት የለውም የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ። ማኅተሙ ንጹሕና ቀጥ ያለ ነበር።

አምስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ሆኖም ያለ እርስዎ ስላልሠራሁት አብረን እንካፈለው።

በዚያ እሁድ አባባ ሲግቢዮርን «ዛሬ ከረባቱን አምጣ፤ ሰው ሊያየኝ ነው» ብለው ሁለት ጊዜ እንድላጫቸው አደረጉ። ትራሱን ከፍ አደረግሁላቸው። መርከቡ ሲመጣ የቴአትሩ መግቢያ መስሏቸው «ጥሩ ነው፤ ከባሕር መጀመሯ ጥሩ ነው» አሉ፤ መርከቡ ግን አላልቅ አለ። ማዕበሉን ሲያዩ፣ ወደቡን ሲያዩ፣ የወፎቹን ክንፍ ሲያዩ ቆዩ፤ በመጨረሻ የአየር ጠባይ ዜና ሲጀምር ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩና «አለፈ እንዴ? ተኛሁ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እውነቱን የምናገርበት አንደበት አጥቼ ትንሽ ሸለብ አድርጎዎት ነበር አልኳቸው። «ምነው ታዲያ አትቀሰቅሰኝም ነበር?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ፍርሃት ለመሸፈን አንድ ሽማግሌ በገዛ ዐይናቸው እንዲያፍሩ አድርጌአለሁ። በማግስቱ መምህርቷን በእኔ በኩል ይቅርታ ጠየቁ፤ ስድስት ዓመት ጠብቄ ተኛሁበት ብለው።

ከዚያ ወዲያ ውሸቴን እንደ ዕዳ ተሸክሜ፣ በየማለዳው ስላጫቸው ያየሁትን ቴአትር አንድ አንድ ትዕይንት እየተረክሁ እነግራቸው ጀመር። ትዕይንቶቹ ዘጠኝ ናቸው። ስምንተኛውን ስጨርስ ቆምኩ፤ ዘጠነኛው ቶርላይፍ ከሞቱ በኋላ በጀልባ ቤቱ ብቻቸውን የቀሩት ሰው የሚናገሩት ነውና አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ቀን ምላጩ ደነዘ አልኩ፤ አንድ ቀን በደወል ተጠራሁ አልኩ። እሳቸው ከአልጋው መውረድ አይችሉም፣ እኔም ከተረቱ መውጣት አልቻልኩም።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስነሣ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ገጠመኝ። የመጦሪያው ሕግ የተኚን ስም ያለ ፈቃዱ መጥራት ይከለክላል፤ ፈቃዳቸውን ለመጠየቅም መዋሸቴን መናዘዝ ግድ ሆነብኝ። ከትናንት በስቲያ ቧንቧውን ዘግቼ ነገርኳቸው። አረፋው ፊታቸው ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው አልተኛሁም?» አሉ።

አልተኙም አባባ አልኳቸው።

«ያንን ሁሉ መርከብ ነቅቼ ነው ያየሁት?»

ሙሉውን፣ አልኳቸው። ሳቃቸው ወደ ሳል እስኪዞር ሳቁ፤ እፎይታም ነበረበት። ከዚያም «በል ስሜን ጻፍ። ከነአባቴ ስም ጻፍ። ዘጠነኛውን ግን ከአንተ አልሰማም። ፈርተው የደበቁት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ያሳዩኝ» አሉ። ይህን ቃል ከሰጡኝ ወዲህ መተረኩንም ከልክለውኛል። ስለዚህ የገዛ ሕይወታቸውን መጨረሻ ወይ ከእርስዎ ያያሉ፣ ወይ አያዩትም።

ልመናዬ አጭር ነው። «የአጎት ልጅ»ን ሳይቆረጥ አንድ ጊዜ ያስተላልፉ። ቀኑን እርስዎ ይምረጡ፤ ሰዓቱ ግን ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ቢሆን መልካም ነው፤ ሕመማቸው ፋታ የሚሰጣቸው ያኔ ነው። ይቅርታ እንዲጠይቁ አንፈልግም፤ ይቅርታ የአየር ሰዓት ይወስዳል። ሐኪሙ ስለ ወራት መናገር ትቶ ስለ ሳምንታት መናገር ጀምሯል።

ለከተማችን ሰላም፣ ለባሕራችን ጸጥታ፣ ለሞገዳችን ንጽሕና ሌት ተቀን ለሚተጉት ለእርስዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ በሚቀጥለው ፀደይ የሚታደስ፣ ስልኩ ሲጮህ እንደ እርስዎ የሚደነግጥ፣ ነገር ግን የሚያነሣ፣

ትሑት ተመልካችዎ
ሙርታዛ ረዛዒ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቶርላይፍ ሲሞቱ በጋዜጣ በወጣው የሞት ማስታወቂያ ላይ የእኅታቸው፣ የእኅታቸው ልጆች፣ የልጅ ልጆቻቸውም ስም በተራ ተዘርዝሮ፣ አባባ ሲግቢዮርን «ሌሎችም ዘመዶች» በሚለው ውስጥ ተጠቃለው ነበር። እንደገና ቃል ለመምረጥ ማንም እንዳይቸገር የራሳቸውን ማስታወቂያ ትናንት በቃላቸው አጽፈውኛል፤ «ከቶርላይፍ ብሬከ ጋር አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖሮ» ይላል። ያልሞላነው ቀኑን ብቻ ነው። በእርስዎም የፕሮግራም ሠንጠረዥ ላይ አንድ ያልተሞላ ቀን አለ። የትኛው አስቀድሞ እንደሚሞላ ከተማው በጋዜጣው ያነባል።