ጉራቻና ዳለቻ

ሰኞ፣ ኅዳር 4። ጠዋት

ግቢውን ጠርጌ ጨረስኩ። ተከራዮቹ ሁሉ ወጥተዋል። አባዬ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሟል። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ በር ከፍቶ ይቆማል፣ የሚሄድበት ግን የለም። ድሮ የሚያርሰው ማሳ ላይ ኮንዶሚኒየም እየወጣ ነው። የሲሚንቶ ማቡኪያው ጩኸት አሁን ከዶሮው ይቀድማል።

ዛሬ ቦሌ እንሄዳለን፣ ላፕቶፕ ልንገዛ። ማስታወሻዬ፣ እስካሁን ስላልነገርኩሽ አትቀየሚኝ። ቢቀርስ ብዬ ፈርቼ ነው። መገናኛ፣ በኮምፒውተር የቤት ፕላን መሳል ልማር ነው። የሚጀመረው የሚቀጥለው ሰኞ። መ/ሩ ሁሉም የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይምጣ ብሏል። አሥረኛ ክፍል ላይ ት/ቤት ካቆምኩ ወዲህ ከሰፈር ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም። ጫማዬን እየደጋገምኩ እወለውላለሁ። ደስታም ፍርሃትም ነው መሰለኝ።

ያው ቀን። 10 ሰዓት

አልገዛንም። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ባለ መስታወት ሱቅ ነው። ሻጯ ከኔ ብዙ አትበልጥም፣ ጥፍሮቿ ያምራሉ። ሁለት አሳየችን። አንዱ ግራጫ፣ ስስ፣ እንደ ደብተር ቀላል። ሌላው ጥቁር፣ ከባድ፣ ጉልበተኛ፤ ስክሪኑ ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ይታጠፍና እንደ ሰሌዳ ይሆናል፣ በብዕር ይሳልበታል። ለፕላን ጥቁሩ ይሻላል፣ ለመያዝ ግን ግራጫው ይመቻል አለች።

አባዬ እንደ በሬ መረመራቸው። ጥቁሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ መዘነው። ማጠፊያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። አንገቱን እያየ ነው። ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሻጯ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ጠየቃት። አንድ ቀን ጠምጄ ልየውና ካልሆነኝ ልመልሰው?

ምን አሉ ብላ ወደኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ። ኋላ ገባት መሰለኝ፣ አባባ፣ ካርቶኑ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም አለችው።

"አፉ ሳይከፈት ጥርሱ በምን ይታያል፣ ልጄ?"

ከኋላችን የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አይደለም። ቢሆንም እኔ ቀድሜ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አባዬ ምንም አልከፋውም። የጥቁሩ አንገት ጥሩ ነው ይላል። ፌርማታችን ስንደርስ ከኋላ ወንበር "ወራጅ አለ!" አለ፣ ማሳ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ።

ይችን ነገር እኔ ብያት አላውቅም። ወይ አባዬ ይላል፣ ወይ እማዬ ትላለች። ሚኒባስ ሙሉ ሰው እየሰማኝ! 

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ሰይድ ሰማ። የፊተኛው ክፍል ተከራያችን ነው፣ የወሎ ልጅ፣ መገናኛ ላፕቶፕ ይሸጣል። እማዬ ቧንቧው ጋ አገኘችውና የቦሌውን ነገረችው። ጀሪካኑን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ። ሲጨርስ ተቆጣ። እኔ እዚሁ ግቢ እያለሁ ቦሌ ድረስ? ምን በድያችሁ ነው?

ማምሻውን ሁለቱንም ዓይነት ይዞ መጣ። ሱቁ ውስጥ ለማሳያ የተከፈቱ ናቸው። ሞክሯቸው፣ አንዱን ትመልሱልኛላችሁ አለ።

"ብቻ ጋሽ ቱፋ፣ እርሻ እንዳያወጡብኝ። ጭቃ የነካው ወላሂ አልቀበልም።"

የታለና እርሻው፣ አለ አባዬ። እማዬ ወደ ኮንዶሚኒየሙ አየች። ሰይድ ግን ፈጣን ነው።

"እሱስ ጨዋ ነው። አይዋጋ፣ አይራገጥ። ጭድ አይል። መብራት ብቻ ነው የሚበላው።"

"መብራት ሲጠፋስ? ጦሙን ሊያድር?"

"እንደኛው!"

አባዬ ሳቀ። ትከሻው እስኪነቃነቅ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆየሁ።

ስም አወጣላቸው፣ በሸጣቸው በሬዎቹ ስም። ጥቁሩ ጉራቻ። ግራጫው ዳለቻ። እኔ በሬዎቹን ትንሽ ትንሽ አስታውሳለሁ። የዳለቻ አፍንጫ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ሁለቱንም ቀኑን ሙሉ ስነካካ ዋልኩ። ዳለቻ ጭኔ ላይ እንደ ድመት ይተኛል። ጉራቻን ጠረጴዛ ይሻለዋል። ግን አጥፌ አስተኛሁትና በብዕሩ ቤታችንን ሳልኩት። በሩን፣ የተከራዮቹን ክፍሎች፣ ቧንቧውን። መስመሩ ከእጄ እኩል ይሄዳል። ከዚያ ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ እንደ እውነተኛ ቤት አቁሜ ዙሪያውን አዞርኩት። አልተደናቀፈም። ያንኑ በዳለቻ ሞከርኩ። ቆሞ አሰበ። ደግሞ አሰበ። የኔ ነገር! እኔም ሰው ፊት እንደዚያው ነኝ።

ጉራቻን ወደድኩት። ግን ከነቻርጀሩ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ አንድ ትከሻዬ ይወርዳል። እማዬ በየእጇ ያዘቻቸው። ይሄ ግልገል ነው፣ ያኛው እናትየዋ ከነእርግዝናዋ አለች።

አባዬ ይሄን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። ኢንተላ ኮ አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ ሲጠራኝ ልቡ ለስልሷል ማለት ነው። ሸክሙን ለኔ ተዪው አለ። አደርስሻለሁ፣ እጠብቅሻለሁ፣ አመጣሻለሁ። በየቀኑ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከበደኝ። ለምን?

እማዬ እሱ ሲወጣ ሳቀች። አባ ቢፍቱ፣ በኔ ስም እንደምትጠራው፣ ለራሱ ሥራ አገኘ አለችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

የመጀመሪያው ቀን። የጉራቻ ተራ። አባዬ ከሁሉም ቀድሞ ለብሶ ቆይቷል። የቦርሳውን ማንጠልጠያ አልወደደውም፣ ይበጠሳል ብሎ ከሞፈሩ የተረፈ ጠፍር ሰፍቶበታል። በራሱ ትከሻ ልክ።

አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ክፍል ገባ። ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ለሁሉም እንዴት አደራችሁ አለ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ በአንድ ድምፅ፣ እንደ ተማሪ ቤት። እሱ ሲወጣ "ባለ አጃቢዋ" አሉኝ። ስሜን ማንም አልጠየቀኝም፣ ይሄ በቃቸው።

ሥዕሉ ግን ጥሩ ሄደ። መ/ሩ ቆም ብሎ አየው።

ስወርድ አባዬ የለም። ደነገጥኩ። ለካስ አስፋልቱ ጥግ ካልሲ ይሸጣል! ሻጯ ውሃ ልትጠጣ ሄዳ አደራ ሰጥታዋለች። የትውልድ አገሯን፣ የልጆቿን ስም፣ የጉልበቷን ሕመም፣ ሁሉንም ያውቃል። ፊቱ በርቷል። መንገዱን ሙሉ ስለሷ ሲያወራኝ መጣ። ከዚያ "ወራጅ አለ!"

እወደዋለሁ። ግን ዛሬ ከሱ በቀር ያናገርኩት ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

አባዬ ለቅሶ አለበት፣ ከዕድሩ ጋር ድንኳን ይተክላል። ዳለቻን ይዘሽ ሂጂ፣ በሬ ሳይጠመድ አይነቀፍም አለኝ። በር ላይ ቆሞ እስክታጠፍ አየኝ።

ቦርሳው ባዶ ይመስላል። ሁለቴ ከፍቼ አየሁ፣ አለ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ዞረች። አጃቢሽስ አለችኝ። ለቅሶ ሄደ አልኳት። ነፍስ ይማር አለችና ራሷም አፈረች። ሳቅን። ራሄል ትባላለች። ዳቦዋን አካፈለችኝ። ዳለቻ ግን አሳፈረኝ። ቤቱን ላዞር ስል ይቆማል፣ ያለከልካል። ሁሉም ጨርሰው እኔ እጠብቃለሁ።

አሁን የማልፈልገውን ልጻፍ። ስመለስ ታክሲው ፌርማታችን ተቃረበ። ያቺ ቃል አፌ ውስጥ ናት። ሌላ ወራጅ ይኖር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም የለም። መታጠፊያችን አለፈ። ማደያው አለፈ። ጎሮ። መጨረሻ። ረዳቱ ባዶዎቹን ወንበሮች አየና "እህት፣ እዚሁ ልታድሪ ነው?" አለኝ።

በእግሬ ተመለስኩ። ጠጠር የጫኑ መኪኖች አቧራ ያለብሱኛል። አልቅሼ ይሆናል ብዬ ፊቴን ነካሁት። ደረቅ ነው። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ፦ መንገዱን ወደድኩት። በየቤቱ እየቆምኩ፣ ይሄ መስኮት ወደዚህ ቢዞር፣ ያ በረንዳ ቢሰፋ እያልኩ መጣሁ። ማንም አላስቸኮለኝም። ማንም በኔ ፈንታ አልተናገረም።

አባዬ ፊቴን አላየም። ጫማዬን አየ። አቧራውን። ገባው። ውሃ ቀዳልኝ። እራት ላይ ግን ነገሩን ቆረጠው። ጉራቻ ይገዛል፣ ከሐሙስ ጀምሮ አብሮኝ ይሄዳል፣ ሥልጠናው እስኪያልቅ። እማዬ እኔን ታያለች። እኔ ሽሮውን አያለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት

ዛሬ ትምህርት የለም። ማምሻውን ሰይድ ይመጣል፣ አንዱን ሊወስድ።

ዳለቻን ብል ብቻዬን እሄዳለሁ። ሥዕሉ ግን ገና ከጅምሩ ያልፈኛል። ጉራቻን ብል ሥዕሉ ያምራል፣ አባዬም ጠዋት ጠዋት የሚሄድበት ያገኛል። እኔ ግን እስከ ሥልጠናው መጨረሻ ባለ አጃቢዋ ነኝ። ቃሏም አፌ ውስጥ ትቀራለች፣ ሁልጊዜ እሱ ስለሚልልኝ።

እንደዚያ በደስታ የሰፋውን ጠፍር አያለሁ። እንዴት ብዬ?

ያው ቀን። 1 ሰዓት

ተናገርኩ። እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ይቅር በይ።

ሰይድ፣ እሺ ቢፍቱ፣ የቱ ተመረጠ አለ። አባዬ ጉራቻ ብሎ መለሰ። ልክ ነው፣ ጉራቻ ነው አልኩ። ከዚያ ዝም ማለት እችል ነበር።

"እኔ ራሴ እሸከመዋለሁ፣ አባዬ። ብቻዬን።"

ይከብድሻል አለ። አውቃለሁ አልኩ። ፌርማታውን ታልፊያለሽ አለ። አላሾፈም፣ ፈርቶ ነው። እንግዲያው በእግሬ እመለሳለሁ፣ መንገዱን አውቄዋለሁ አልኩት። ሰይድ የዳለቻን ቻርጀር ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል።

አባዬ ተነስቶ ወጣ። በር ላይ ቆመ። ልከተለው ስል እማዬ ያዘችኝ። ተዪው አለች። ቆየ። እኔ ምን አደረግሁ፣ ምን አደረግሁ እላለሁ።

ሲመለስ ቦርሳውን አነሳ። ቢላዋና ወስፌ ጠየቀ። ጠፍሩን ፈታው፣ ትከሻዬ ላይ አድርጎ ለካው፣ ቆረጠው፣ እንደገና ሰፋው። በኔ ልክ። ጨርሶ በጥርሱ ክሩን በጠሰና እንዲህ አለ፦

"ከፌርማታው ወዲህ ግን አቀበት ነው። አቀበቱ የኔ ነው።"

እሺ አልኩት።  ሰይድ ዳለቻን በብብቱ ይዞ፣ በሕይወቱ እንደዚህ ረጅም ገበያ አይቶ እንደማያውቅ እያጉረመረመ ወጣ። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14። 11 ሰዓት

ትከሻዬ ቀልቷል። በግራ ይዤ ሄድኩ፣ በቀኝ ይዤ ተመለስኩ። ራሄል ደረጃው ላይ አንዱን ጎን ያዘችልኝ። ከኋላ ያሉት፣ አጃቢሽ ዛሬስ አሉ። ቤት ነው አልኩ። ስሜም ቢፍቱ ነው አልኩ። ሰምተው እንደሆነ እንጃ።

ስመለስ ታክሲው ሞልቷል። መስኮቱ ጋ ነኝ። ጉራቻ ጭኔ ላይ። ቃሏን ከገርጂ ጀምሮ በሆዴ እላታለሁ። ሌላ ወራጅ ካለ ብዬ ደግሞ እጠብቃለሁ፣ አመሌ ነውና።

ከዚያ አየሁት። ፌርማታው ላይ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በየሚኒባሱ መስኮት አንገቱን እያሰገገ ይፈልገኛል። የፊታችንን ታክሲ አየ፣ የለሁም። ወደኛው ዞረ። ሹፌሩ አልቀነሰም። ዝም ብል ተወስጄ ሳልፍ ያየኛል። እዚያው ቆሞ ያየኛል።

"ወራጅ አለ።"

ረዳቱ አልሰማም። አጠገቤ ያሉት እናት ዞር አሉ። አሁን አባዬ ልክ በመስኮቴ ትይዩ ነው።

"ወራጅ አለ!"

ታክሲ ሙሉ ሰው አየኝ። ቀስ በይ እህቴ፣ ጆሮ አለን አለ ረዳቱ። ቆመ። ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ግን ቆመ። አባዬ ጋቢውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ጉራቻን ከትከሻዬ ተቀበለኝ። አቀበቱን ከፊቴ ፊቴ ወጣ። በሩ ጋ ስንደርስ ብቻ ዞር አለ።

"ሰማሁሽ" አለኝ።

እማዬ ነገ ጾም ይገባል ብላ የቅበላውን ሥጋ እየከተፈች ነው። አባዬ ሰይድን ጠርቶ እየነገረው ነው፣ እዚህ ድረስ ይሰማል። የኔን "ወራጅ አለ" እንዴት እንዳልኳት ያሳየዋል፣ ከኔ በጣም አስበልጦ። እንደዚያ አልጮህኩም። ወጥቼ እንደዚያ አልጮህኩም ልበላቸው።