ኮዴ ገላን ኮንዶሚኒየም ይደርሳል

ለተከበሩ አቶ ሙሉአለም፣
የሞባይል ድርጅታችን የቃሊቲ አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ፤

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለኔትወርክዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ የቱሉ ዲምቱው ዘካሪያስ፣ ከወረፋ ቁጥር በስተቀር ምንም ሳልቀበል የምመላለሰው ደንበኛዎ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ስህተት ቢያጋጥምዎ፣ እኔ የእናንተን ሲስተም እንደምታገሥ እርስዎም ይታገሡኝ።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ስልኬ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ከተሰባበረ በኋላ ከመስከረም እስከ ጥምቀት ያለ ስልክ ተቀመጥኩ። የምወዳት ልጅ ናፍቆት ደውላ ደውላ ሲያቅታት በኢሜይል አንድ ቁም ነገር ጠይቃኝ ነበር። ጥያቄውን ሳላነብ ዓይኗ ፊት እንዳልደርስ፣ ቀልዴም እንደበቃት በጓደኛዋ በኩል ላከችብኝ። ታዲያ ያገለገለ ስማርት ስልክ ከአዲስ ሲም ጋር ገዝቼ ኢሜይሌን ልከፍት ብል፣ ስልኩ እኔ መሆኔን ተጠራጥሮ የማረጋገጫ ኮዱን ወደ ድሮው ቁጥሬ ላከ። ቁጥሬን ደግሞ ሥራ ፈትቷል ብላችሁ ለሌላ ሰው ሰጥታችሁታል። እኔም ሥራ ፈትቼ ነበር፤ እኔን ግን ለማንም አልሰጣችሁኝም።

ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሠራተኛዎ ወይዘሪት እድላዊት ስልኬን አጥፍታ አበራችው፣ ሲሙን አውጥታ መለሰችው፣ የኢንተርኔት ሴቲንጉን ነካካችው፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ኢሜይል የድርጅቱ ሥራ እንዳልሆነ በፈገግታ አስረዳችኝ። ገና ስገባ ብትነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ፈገግታ ከየት አገኘው ነበር?

፪. ኮዱን አዲሱን ባለቁጥር እንድለምን በመከረችኝ መሠረት ወደ ራሴ ቁጥር ደወልኩ። ዱሬሳ የሚባል የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ አነሳ። ተሳዳቢ ቢሆን በወደድኩ፤ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ድምፁም የዜና አንባቢ ነው የሚመስለው። ኮዱን አነበበልኝ፤ ጊዜው ግን አልፎበት ነበር። መልእክቱ ሲገባ ከናፍቆት ጋር እያወራ ስለነበር እንዳላየው ገልጾ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታው ነው ያቃጠለኝ።

፫. እኔን ፈልጋ አንድ ቀን ብትደውል ያለ ነው፤ ቁጥሩ ባለቤት መቀየሩንም በትሕትና ነግሯታል። የእኔ ጥያቄ ሁለተኛ ለምን ደወለች የሚል ነው። ሦስተኛውንስ ማን ደወለ? ይህን ከእናንተ ኮምፒውተር በላይ የሚያውቅ የለምና፣ ብትነግሩኝ አልጠላም፤ ባትነግሩኝም ሌሊቱን ሙሉ እየገመትኩ ስለሆነ አይጨነቁ።

ለወደፊቱ ግን ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ስታስተላልፉ፣ ደዋዮቹም አብረው እንደሚተላለፉ ውሉ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው። ሰው አውቆ ይገባበታል።

የቢሮዎን በር ለመሳም እስክበቃ ድረስ ደጃፉን እየሳምኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከሁለት የሲግናል መስመር ጋር፣

የቁጥሩ የቀድሞ ባለቤት
ዘካሪያስ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ኢሜይሌ ስለተከፈተ እንኳን ደስ ያለዎት። ቅዳሜ ዕለት ኮዱን አስልኬ ወደ ቁጥሬ ስደውል ዱሬሳ አላነሳም፤ ናፍቆት አነሳች። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አነበበችልኝና ገባልህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገባልኝ። ያኔ በኢሜይል የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ልጠብቅህ ወይስ ልተወው ይላል። የደንበኛ እርካታ መጠይቃችሁን ለእኔ ለመላክ አትድከሙ፤ ወደ ድሮው ቁጥሬ ላኩት፣ ሁለቱ አብረው ይሞሉታል።