የማይጠፋው መብራትና ቀዩ ነጥብ

ውድ ጆሮ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የአንተን ደህንነት አባዬ በየቀኑ ስለሚነግረኝ መጠየቅ አያስፈልገኝም። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ እሱ ከላይ ቆሞ «ጆሮን እኮ አዲሱ መሥሪያ ቤት የጥገና ኃላፊ አደረጉት» ይለኛል። እሰይ እላለሁ። እሰይ ስል ቆሽቴ እያረረ ነው። ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ ያልነገርኩህን ዛሬ ልንገርህና ይውጣልኝ።

እቀናብህ ነበር፤ አሁንም እቀናብሃለሁ። የሞተር ድምፅ ሰምተህ በሽታውን ስለምትለይ አባዬ «ጆሮ» አለህ። እኔን ምን እንዳለኝ ታውቃለህ፤ «ጥድፊያ»። አንተ ጋሼ ትለዋለህ፣ እኔ አባዬ፤ ጋራዡ ውስጥ ግን የእንጀራ ልጅ የነበርኩት እኔ ነኝ። ደንበኛ በገባ ቁጥር «ቆይ፣ ጆሮ ይየው» ነበር። እኔ ያየሁትን ነገር አንተ ደግመህ ካላየኸው እንዳልታየ ነበር የሚቆጠረው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንተ በሄድክ በሳምንቱ የአባዬ መኪና ላይ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው መብራት በራ፤ ያቺ ሁለት ጠማማ መስመር ከኋላዋ የምትጎትት ትንሽ የመኪና ሥዕል። ኮምፒውተር ሰክቼ አጠፋኋት። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ተመልሳ መጣች። አባዬ «መጨረሻ የነካት ማን ነው?» አለኝ። «ጆሮ ነዋ» አልኩ አፌን ሞልቼ። ልትሄድ ስትል የፊት እግሯን ሠርተህ ጎማዎቿን ያቀናኸው አንተ ነበርክ።

የአባዬን ሕግ መቼም አልረሳኸውም። ያጠበቅነው ብሎን ላይ ሁሉ በየቀለማችን ነጥብ እናደርጋለን፤ አባዬ ነጭ፣ አንተ ቢጫ፣ እኔ ቀይ። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን እንደነካው ይታወቃል። እኔም ስድስት ሳምንት ሙሉ ቢጫ ነጥብ ሳድን ከረምኩ። ቢጫ ያለበትን ሁሉ ፈታሁ። የጎማውን ሴንሰር ቀየርኩ፣ ኩሽኔታውን ቀየርኩ፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩ። መብራቷ ወይ ፍንክች። ኮምፒውተሩ «የመሪው ማዕዘን» እያለ በግልጽ ሲነግረኝ እንኳ፣ ጎማ ያቀናኸው አንተ ነህና ተመልሼ ወደ አንተ ሥራ ነበር የምሄደው።

ይባስ ብዬ ለጎረቤታችን ለኤሌክትሪሻኑ «የጆሮ እጅ ነው፣ ልቡ ቀድሞ ሄዶ ነበር» አልኩት። እሱ ደግሞ አፉ አያርፍም። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ደንበኞች መጥተው መኪናቸው ላይ ያለውን ቢጫ ሁሉ እንድፈትሽላቸው ለመኑኝ። ልዋሽህ አልችልም፤ ያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ባለፈው ሰኞ አባዬ ትዕግሥቱ አለቀ። «እስከ ቅዳሜ ካላጠፋሽው እሱን እጠራዋለሁ። ከመጣ ደግሞ በእንግድነት አላመጣውም፤ የጋራዡን ቁልፍ ነው የምሰጠው» አለኝ። ቁልፉን፣ ጆሮ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀበቶው ላይ ሲንጠለጠል ያየሁትን ቁልፍ። 

ዓርብ ጠዋት ኤሌክትሪሻኑን አጠገቤ አስቀምጬ ነዳሁ፤ እሱ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ያነብልኛል።

«ቀጥ በይ እንጂ» አለኝ።

«ቀጥ ብያለሁ።»

«መኪናዋ ግን አሥር ዲግሪ የዞርሽ ነው የሚመስላት። ይሄን መሪ ማነው የነቀለው?»

መኪናዋን አዙሬ ወደ ጋራዥ ተመለስኩ፤ የባትሪውን ገመድ ፈትቼ የመሪውን ክዳን አነሳሁ። መሪውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ዳዶ ላይ ቀይ ነጥብ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አንተ በሄድክ ማግስት መኪናዋን ላሳጥባት ስወስዳት መሪው ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብሎ አገኘሁት። ጆሮ መሪ አጣሞ ሄደ ብዬ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንደ ደንቡ ከሥር ገብቼ፣ ከጎማዎቹ በኩል ማስተካከል ነበረብኝ። ጥድፊያ ግን መሪውን ነቀለች፣ አንድ ጥርስ አዙራ መለሰችው፣ አጠበቀችው። እጄ ስለለመደ ቀይ ቀለሙንም ነካ አደረገበት። ለዓይን ቀጥ አለ። አንተ በዘንበልታው ልክ ዜሮ ያደረግከው፣ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞረው ሴንሰር ግን እኔ እንዳዞርኩት ቀረ፤ መኪናዋም ቀጥ ብላ ስትሄድ የዞረች ይመስላት ጀመር። ለአባዬ ትንፍሽ አላልኩም። ከሥራም አልቆጠርኩት።

መሪውን ወደ ቦታው መለስኩና ሩቅ ድረስ ነዳሁ። መብራቷ አልተመለሰችም። መሪው ግን እንደገና ዘንበል ብሏል። ይህንንማ ከሥር ገብቼ አቃናዋለሁ ብዬ ሳስብ አባዬ መጥቶ ገባና ተቀመጠ። ግራ እጁን መሪው ላይ ጣል አደረገ። እጁ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ አረፈ፣ ትከሻውም ተፈታ።

«እፎይ» አለ። «እንዲህ ነበር ጆሮ ያደረገልኝ።»

ወድቆ ግራ ትከሻው ከተጎዳ ወዲህ እጁ ወደ ላይ እንደማይነሳለት አላውቅም ነበር። አብሬው እየኖርኩ፣ ሸሚዙን እያጠብኩ። አንተ አወቅክ። ነግሮህ ይሁን አይተህ፣ አልጠየቅኩትም። ከቅናቴ ሁሉ ያን ቅጽበት የሚያህል አልነበረም።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«ቀይ ነው አባዬ። የኔው ነው።»

«ቢጫ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ታገኚው ነበር» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «መሪው የተቀየረ ቀን ትከሻዬ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ስድስት ሳምንት ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ።»

ከመኪናው ሲወርድ ቁልፉን ከቀበቶው ፈታ። እጄን ዘረጋሁ። ኪሱ ውስጥ ከተተው። «መጀመሪያ የልጁን ስም መልሺ» ብሎኝ ሄደ።

ለኤሌክትሪሻኑ ነግሬዋለሁ፤ አፉ ስለማያርፍ ቀሪውን እሱ ያዳርስልኛል። ሁለቱን ደንበኞች ግን ራሴ ቤታቸው ሄጄ አናገርኳቸው። የቀረኸው አንተ ነህ። ይቅር በለኝ። አባዬ ልደውልለት ሲል እኔ ልጻፍ ብዬ ለመንኩት። ደብዳቤው ሲደርስህ ደውልና ንገረው፤ ቁልፉን የያዘው እስከዚያ ነው። እንግዲህ እየው፣ የአባቴ ቁልፍ እንኳ በአንተ በኩል ነው የሚመጣልኝ። እንዴት አልቅና?

የመሪውን ዘንበል ማለት አልነካሁትም፤ አልነካውምም። ስትመጣ የምትሠራበት ቢጫ ቀለም መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የድሮውን ደብቄው ደርቆ ስላገኘሁት አዲስ ገዝቻለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ቀይ ነጥብ የኔ ነው። እስኪደርቅ ጠብቄ ነው ወረቀቱን ያጠፍኩት።

ጥድፊያ