ወንድሜ ከዳ የተባለበት ኅዳር

ኅዳር 14

«ሚሊሻ ባምላኩ ንብረት ግዳጁን ጥሎ የከዳ በመሆኑ ከዘማች መዝገብ ተሰርዟል። ማሳው በዘማች ደቦ እንዳይታጨድ እናሳስባለን።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ጠዋት እንደ ወትሮው ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ከሰዓት ፈተና ሳርም የታናሽ ወንድሜ የባምላኩ ሚስት በለጠች ከቡሬ ገጠር መጣች። ወረቀቱን ከቀበሌው ሰሌዳ ገንጥላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ።

ከዳ? አሥራ አንድ ዓመት ቀን እያረሰ ሌሊት ቀበሌ የጠበቀ ሰው… መስከረም ላይ ለዘመቻ ሲጠሩት ሞፈሩን ሰቅሎ ሄደ። ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ። ማስረጃ የለም። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ምን ሊጠቅም።

ኅዳር 15

ቡሬ ሄድኩ። ወረቀቱን የፈረመው የቀበሌው የሚሊሻ ኃላፊ አንዷለም ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከውጊያው በኋላ ስም ሲጠራ ባምላኩ አልነበረም፤ ከሟችም ከቁስለኛም ዝርዝር የለም፤ ታዲያ የት ሄደ፣ ይላል።

«መምህር፣ እኔ የተላከልኝን ነው የጻፍኩት።»

«የጠፋና የከዳ አንድ ነው?»

አቀርቅሮ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከተተ።

መደበኛ ወታደር ቁጥር አለው። ሚሊሻ ያለው ስሙ ብቻ ነው። እሱንም ሰረዙት።

ኅዳር 17

ባሕር ዳር። ሆስፒታል በር ላይ የተለጠፈውን የቁስለኛ ዝርዝር ሁለቴ አነበብኩ። ባምላኩ የለም። ሞቶ ባገኘው ይሻለኝ ነበር?… ምን ዓይነት ወንድም ነኝ።

ኅዳር 19

በለጠች ቤት። ጤፉ ደርሶ ሊረግፍ ነው። ጎረቤት ፈርቶ ቀረ። ከጎረቤቶቹ ስመኘው ብቻ ማጭዱን ይዞ መጣ። ማስታወቂያውን አላየህም ወይ ቢሉት፣ ማንበብ አልችልም አለ። በየማለዳው ዳዊት የሚደግም ሰው!

በለጠች ነዶ እያሰረች ድንገት ቀና አለች። «በክርስትና ስሙስ ፈልገውታል፣ ጋሼ?»

መንግሥት በክርስትና ስም አይመዘግብም ብዬ ተቆጣሁ።

«የሚሞት ሰውስ በየትኛው ስሙ ይጠራል?»

የሆስፒታሉ ዝርዝር ላይ «ኃይለ ሚካኤል፣ ቡሬ» የሚል ነበር… የአባት ስም ቦታው ባዶ። አንብቤ አልፌዋለሁ። ሁለቴ! ባምላኩ ክርስትና ሲነሣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ይህ ስም ሲወጣለት እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና።

ኅዳር 20

አለ። በሕይወት አለ።

ኅዳር 21

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አቃተኝ። ጭኑን ተመትቷል። ብዙ ደም ፈሶታል፤ አጥንቱ ደህና ነው አሉኝ። ቀናት ሙሉ ራሱን አያውቅም ነበር፤ ስልኩም ጠፍቷል። ለምን በዚያ ስም እንደተመዘገበ ጠየቅሁት። በቁጣ። ሌላ አጠያየቅ መቼ አውቃለሁ…

«ነጭ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ስምህ ማነው አለኝ። ቄስ መሰለኝ። ለፍትሐቱ ነው ብዬ የሚጸለይበትን ስም ነገርኩት።»

አጠገቡ የተኛው የደምበጫ ሚሊሻ ሳቀ። እኔማ ቀብር ሳያሰናዱልኝ ብዬ እስከ ቅድመ አያቴ ቆጠርኩላቸው፣ አለ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ባምላኩ የጠየቀኝ ስለ ጤፉ ብቻ ነው። ስመኘው ጀምሮታል አልኩት። ስለ ወረቀቱ አልነገርኩትም።

ኅዳር 24

የሐኪሙን ማስረጃ ለአንዷለም ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። ለሕዝቡ በቃሌ እነግራለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ መምህር፣ አለ። ከዳ የተባለው በጽሑፍ ነው፤ በቃል አይነሣም አልኩት።

ኅዳር 25

ሠላሳ ያህል ሰው ማሳው ላይ ወጣ። አንዷለምም አለ፤ ከሁሉ ፊት ያጭዳል። ስመኘውን ማንበብ ተማርክ እንዴ እያሉ ሲቀልዱበት ዋሉ። እኔም አጨድኩ። እጄ ተልጧል፤ እስክሪብቶ መያዝ ያመኛል። ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ እራቴን በላሁ።

ኅዳር 26

ለቀበሌው ደብዳቤ አስገባሁ። ግልባጩ፦

«ሚሊሻ ባምላኩ ንብረት በግዳጅ ላይ ቆስሎ በሕክምና ላይ እንደሚገኝ፣ ከዳ መባሉም ስሕተት እንደነበር፣ በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው ማኅተም እንዲለጠፍና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ እንዲነበብ እጠይቃለሁ። የዓለም ስሙም የክርስትና ስሙም ይጻፍ። መልሱን እስከ ታኅሣሥ 5 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።»